የሻምበል ጆሮ

ዓለምጌጥ ቀናተኛ ናት። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም አትክደውም። ልጅ ሳለች እናቷ የታናሽ እህቷን ፀጉር ቀድማ ከሠራች፣ ያን ዕለት ምሳ የማትበላ ነበረች። ዛሬ አምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከአገሯ ርቃ፣ ካሮልተን ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት እየነዳች ጎረቤት ከተማ ግሬፕቫይን ትሄድና አንድ ሆቴል ላንድሪ ክፍል ውስጥ አንሶላና ፎጣ ስታጥፍ ትውላለች። አለቃዋ የሌላዋን ሴት አጣጠፍ ካደነቀ፣ የእሷ ቁልል እስኪበልጥ ድረስ ቀና አትልም። ባልደረቦቿ ይህን ትጋት ይሉታል። እሷ ግን ምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

በባል መቅናት ያለ ነው፤ በጓደኛ መቅናትም ያለ ነው። በዘንድሮው ሁዳዴ ግን ዓለምጌጥ አንጀቷ ያረረው በድመት ነው።

ድመቱ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት በረንዳዋ ላይ ተገኘ። ዳማ፣ ራሱ ትልቅ፣ ጉንጩ የወፈረ፣ አፍንጫው ላይ ጠባሳ ያለበት ወንድ ነው። ሰልፍ እንደሚፈትሽ መኮንን ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ በዚህ ምክንያት ሻምበል አለችው። ከቱና ጣሳ ግማሹን ገልብጣ ሰጠችው። በላ፣ አፉን ላሰ፣ በሯ ላይ ሸናና ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ነው ብላ ቆጠረችው፤ እሱን ግን አልጠየቀችውም።

ሻምበል አመለኛ ነበር። ሴቶቹ ድመቶች ወንድ በሚፈልጉበት ወራት እንቅልፍ የለውም፤ በየሕንጻው ሥር እየዞረ ይጮኻል፣ ከሌሎቹ ወንዶች ጋር ይናከሳል። ዛሬ ዓይኑ አብጦ፣ ነገ እግሩን እየጎተተ ይመጣል። አንድ ጊዜ አንገቱ ሥር ያበጠ ንክሻ ፈርጦ፣ መግሉን በሞቀ ውኃ ስታጥብለት እጇን ነክሷታል። የበሯን ሽታ በኮምጣጤ ብትፈትገው አልለቅ ብሏል። ዓለምጌጥ ይህን ሁሉ ቻለች። እንዲያውም ለሥራ ጓደኞቿ ስታወራ ወንድነቱ የሚያኮራት ይመስል ነበር።

ነገር የመጣው የትምወርቅ ስትመጣ ነው። የትምወርቅ አምና ከሜስኪት ለቅቃ፣ ከፓርኪንጉ ማዶ ፊት ለፊት ካለው ሕንጻ ምድር ቤት ገባች። የሕፃናት መዋያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሳቂታ፣ ሰው ቶሎ የሚወዳት ሴት ናት። ዓለምጌጥን ባየቻት ቁጥር "እትዬ ዓለም" ብላ ነው ሰላም የምትላት። በመካከላቸው ያለው የአራት ዓመት ልዩነት ነው። ለአራት ዓመት እትዬ መባል ዓለምጌጥን ሆዷን ያቆስላታል፤ አክብሮት ነውና ደግሞ ተይ አይባልም።

የትምወርቅ በገባች በወሩ ሻምበል ሳህኑን እያሸተተ ፊቱን ማዞር ጀመረ። በዚህ ነገር ዓለምጌጥን ማታለል አይቻልም። የልጇ የሳሮን አባት ሙሉጌታ የትሬለር ሹፌር ነበር። ከሂዩስተን በተመለሰ ቁጥር ጠግቦ ይመጣል፤ መንገድ ላይ በላሁ ይላል፤ ሸሚዙ ግን እሷ በማትገዛው ሳሙና ይሸታል። ሁለት ዓመት አመነችው። በሦስተኛው ዓመት ሂዩስተን ውስጥ ቤትም ልጅም እንዳለው ሰማች፤ ተለያዩ። ስለዚህ ሻምበል ጠግቦ ሲመጣና ጀርባው የሰው ሎሽን ሲሸታት፣ ነገሩን ለመገመት አልተቸገረችም። አንድ እሑድ በረንዳዋ ላይ ሆና በዓይኗ አየች። የትምወርቅ ደጃፏ ላይ ቁጢጥ ብላ በሰማያዊ ሳህን ዶሮ እየፈተፈተች ታበላዋለች፤ ጭራሽ "ማሙሽ" ትለዋለች። ማሙሽ! ሻምበል የሚያህልን ድመት።

ሁዳዴ ሲገባ ባሰ። ዓለምጌጥ ጾም ጥብቅ ናት፤ የሥጋ ሽታ ቤቷ እንዲገባ ስለማትፈልግ የሻምበልንም ጣሳዎች ሰብስባ የመኪናዋ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ለእሱ ምስርና ድንች ቀቅላ አቀረበችለት። ሻምበል ምስሩን አሸተተ፣ እሷን አያት፣ ምስሩን በመዳፉ ወለሉ ላይ በተነና ፓርኪንጉን አቋርጦ ሄደ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ። የትምወርቅ ፕሮቴስታንት ናት፤ ሁዳዴ ብሎ ነገር እሷ ቤት የለም፤ ሰማያዊው ሳህን ዘወትር ዶሮ አለበት። ዓለምጌጥ ሻምበልን በገዛ እጇ ወደ ጎረቤት እየሰደደች መሆኑን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ታውቃለች። ጥፋቱን ግን ለየትምወርቅ ሰጠች።

በዚያው ሰሞን የግቢው ድመት ከልክ አለፈ። ቆሻሻ መጣያው ጀርባ ሦስት እናቶች ወልደው፣ ግማሹ ግልገል ዓይኑ በመግል የተደፈነ ነበር። የአፓርታማው ቢሮ በየበሩ ወረቀት ለጠፈ። ሳያስመዘግብ እንስሳ የሚያኖር ተከራይ ይቀጣል፤ ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ደግሞ ተይዘው ከግቢው ይወገዳሉ ይላል። ዓለምጌጥ ወረቀቱን ሦስቴ አነበበችው። ሻምበልን አስመዝግባው አታውቅም።

ቢሮውን ለምና ነገሩን ያለዘበችው ሐዊ ናት። ሐዊ ሦስተኛ ፎቅ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር፣ እዚሁ ያደገች፣ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ለመሆን የምትማር ልጅ ናት። ድመቶቹን አንድ በአንድ በወጥመድ ይዛ፣ ወንዱን አስኮላሽታ፣ ሴቷን አስመክና፣ አስከትባ፣ መልሳ እዚያው ልትለቃቸው ከቢሮው ጋር ተስማማች። ተይዘው ቢወሰዱ ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ሌሎች መጥተው ይይዙትና ይራቡበታል፤ የማይወልዱት ቦታቸውን ይዘው ከኖሩ ግን ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል ብላ አስረዳች። ከዚያ ስልኳ ላይ የድመቶቹን ፎቶ ይዛ በየበሩ እያንኳኳች፣ ባለቤት ያለው እንዳይቀላቀልባት ማጣራት ያዘች።

ዓለምጌጥ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ግማሽ ፊቷን አውጥታ ነው የሰማቻት። ማኮላሸት የሚለውን ስትሰማ ዘገነናት። የቡሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ወይፈን ሲያስኮላሹ፣ አራት ጎረምሳ ተጭኖት በእንጨት ሲቀጠቅጡት፣ የወይፈኑ ጩኸት እስከ ወንዙ ይሰማ እንደነበር አትረሳውም። ይህንኑ ለሐዊ ነገረቻት። ሐዊ አዳምጣ ጨረሰችና በተሰባበረ አማርኛዋ መለሰችላት።

"አንቲ ዓለም፣ እዚህ እንደዛ አይደለም። ይተኛል፣ ምንም አይሰማውም፣ በማግስቱ ይበላል። ሶ፣ ወንዱ ኒውተር ከተደረገ ብዙ አይዞርም፣ ፋይት አያደርግም፣ በር ላይ መሽናት ይተዋል። በንክሻ የሚመጣው በሽታ አይዘውም፣ ማለቴ፣ ረጅም ይኖራል። ሴቷ ደግሞ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ አትወልድም፣ የጡት ካንሰሩም ይቀንስላታል።"

ከዚያ ስልኳን ዘረጋች። ዳማ፣ ራሱ ትልቅ፣ አፍንጫው ላይ ጠባሳ ያለበት። የአንቺ ነው ወይ አለቻት። ዓለምጌጥ ፎቶውን አየች፤ ከፎቶው በላይ በሩ ላይ የተለጠፈው የቢሮው ወረቀት አለ። የምስሩ ሳህን ከኋላዋ ወለሉ ላይ ነበር፤ በተረከዟ ገፋ አድርጋ ከበሩ ጀርባ ደበቀችው።

"አላውቀውም" አለች። "እኔ ድመት የለኝም።"

ሐሙስ ዕለት ሻምበል ጠፋ። ሐሙስ አልመጣም፤ ዓርብም አልመጣም። ዓለምጌጥ ከሥራ መልስ ልብሷን ሳትቀይር በረንዳዋ ላይ ቆማ ማዶ ታያለች። የየትምወርቅ መጋረጃ ተዘግቷል። በሐሳቧ ሻምበል ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ሶፋ ላይ ተዘርግቶ፣ ሆዱ ሲታከክለት ይታያታል። ቆልፋበታለች ብላ ደመደመች። ሐዊን አላስታወሰቻትም፤ ወጥመድም ትዝ አላላትም። ቅናት አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሻምበል ራሱን ዝቅ አድርጎ መጣ። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። በጠብ የተቀደደ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ፣ በጥንቃቄ፣ በስለት ተቆርጧል።

ዓለምጌጥ ቁስል አላየችም። ያየችው ምልክት ነው። በእነ ዓለምጌጥ አገር ከብትና በግ በጆሮው ይታወቃል፤ የእነ እገሌ ቀኝ ጆሮ ስንጥቅ ነው፣ የእነ እገሌ የግራው ጫፍ ቁርጥ ነው። በግ ጠፍቶ ሰው በረት ቢገኝ ሽማግሌ ተቀምጦ መጀመሪያ የሚያየው ጆሮውን ነው፤ ጆሮው ከተናገረ ሌላ ምስክር አይጠራም። ይህ ድመት ባለቤት አለው ተብሎ ተጽፎበታል፤ ባለቤቱም ዓለምጌጥ አይደለችም። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወዲያው ኩሽና ገብታ መቀስ አወጣች። እኔም ምልክት አለኝ አለች፤ የአባቷ ቤት ምልክት የቀኝ ጆሮ ስንጥቅ ነው። ሻምበልን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እንዲታቀፍ ፈቅዶ አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን ደክሞት ነው መሰል ተኛላት። የቀኝ ጆሮውን በሁለት ጣቷ ያዘች። ጆሮው ይሞቃል፤ ከውስጥ ደም ሥሩ ይታያል። ድመቱ አንኮራፋላት። መቀሱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። እጇ እምቢ አላት። መቀሱን ጥላ ወደ ደረቷ ልትስበው ስታገላብጠው፣ ከጅራቱ ሥር የነበረው ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘችው።

ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ፓርኪንጉን አቋረጠች። የትምወርቅ በሩን ስትከፍት ሰላምታ አልጠበቀችም።

"ባል መንጠቅስ የታወቀ ነው" አለቻት። "ድመት ነጥቆ፣ አኮላሽቶ፣ ጆሮ በጥቶ የራስ ማድረግን ግን ዛሬ ገና አየሁ።"

የትምወርቅ በመጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ የዓለምጌጥን ዓይን አይታ ሳቋን ተወች። ግቢና ተቀመጪ ብትላት ዓለምጌጥ ከደጃፉ አልነቃነቅ አለች። የትምወርቅ እሷም ማሙሽን ከሐሙስ ጀምሮ እንዳላየችው፣ ዛሬ ጠዋት ጆሮው ተቆርጦ በበሯ ሲያልፍ አይታ፣ እትዬ ዓለም ያስኮላሸችው መስሏት ደስ ብሏት እንደነበር ነገረቻት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ደግ አደረግሽ ልልሽ ነበር አለቻት። ዓለምጌጥ አላመነቻትም። የትምወርቅ ክርክር ትታ ስልኳን አነሳችና ሐዊን ኮል አደረገች።

ሐዊ ፀጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች ወርዳ መጣች። ሐሙስ ማታ በወጥመድ የያዘችው እሷ ናት፤ ዓርብ ተኮላሸ፤ ዛሬ ለቀቀችው። የጆሮውን ነገር ዓለምጌጥ ስትጠይቃት፣ ድመቱ ገና ተኝቶ ሳለ ሐኪሙ የሚቆርጠው ነው አለች። ሩቅ ሆኖ ያየ ሰው ይህ ተኮላሽቷል ብሎ እንዲያውቅና ሁለተኛ እንዳይያዝ፣ በከንቱ ቢላ እንዳያርፍበት ነው። የሰው ቤት ድመት ሲሆን ጆሮው አይነካም።

"ማለቴ" አለች ሐዊ፣ "ይሄ የሚደረገው ባለቤት ለሌለው ነው። የማንም አይደለም ማለት ነው።"

"የማንም አይደለም ያለሽ ማን ነው?" አለች ዓለምጌጥ።

ሐዊ ወደ የትምወርቅ አየች፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች።

"መጀመሪያ አንቲ የትምን ጠየቅኋት። የእኔ አይደለም፣ የፊት ለፊቷ የእትዬ ዓለም ነው፣ እንደ ልጇ ነው የምትወደው፣ ሳትነግሪያት እንዳትነኪው አለችኝ። ለዛ ነው አንቺጋ የመጣሁት። አላውቀውም አልሽኝ።"

ዓለምጌጥ አህያውን ፈርታ ዳውላውን ስትመታ ሰው ያያት ያህል ፊቷ ጋለ። ሽማግሌ ቢቀመጥ የሚፈርድባት በራሷ ቃል ነው። እፍረቱ አንድ ነገር ነው፤ ከእፍረቱ የባሰው ግን ሌላ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በየትምወርቅ ሳቅ፣ በዶሮዋ፣ በሰማያዊ ሳህኗ ነበር የምትቀናው። አሁን በደግ ልቧ ቀናችባት። እኔ የእኔ ነው ማለት ባልደፈርሁበት ሰዓት የእሷ ነው ብላ መሰከረችልኝ፤ እኔ ብሆን አደርገው ነበር? ብላ ራሷን ጠየቀች። አታደርገውም ነበር። ይህን ማወቁ እንደ ቃር ደረቷ ላይ ቀረ።

ሐዊ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር አከለች። የወንድነቱ ስሜት በአንድ ጊዜ አይበርድም፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን መዞሩን ይቀንስና ቤቴ የሚለው ቦታ ላይ ይረጋል አለች። ሁለቱም ሴቶች ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ዓለምጌጥ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ነው ያሳለፈቻቸው። የሻምበልን ጣሳዎች ከመኪናዋ ዕቃ መጫኛ አውጥታ፣ ጾሙ እኔን እንጂ ድመትን አይዝም ብላ ለራሷ ፈረደች፤ ይህን ቀድማ ብታስበው ኖሮ ግማሹ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ሻምበልም ቀስ በቀስ ተለወጠ። የፊቱ ቁስል ደረቀ፣ አዲስም አልመጣበትም። ጩኸቱ ቀረ። አንድ ቀን በሯን ከፍታ አየር ስትስብ ምንም እንደማይሸት ልብ አለች። ቆሻሻ መጣያው ጀርባም ጆሯቸው የተቆረጠ ሦስት እናቶች ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የዳኑትን ግልገሎች ሐዊ ለሰው ሰጥታቸዋለች፤ አዲስ ግልገል የለም። ዓለምጌጥ ልጅቱ ልክ ነበረች አለች፤ ለሰው ግን አልተናገረችም።

ፋሲካ ሲደርስ ሻምበል ፓርኪንጉን ማቋረጥ ተወ። ቀኑን ሙሉ መስኮቷ አጠገብ ወንበሯ ላይ ይተኛል። አሸነፍሁ! ዓለምጌጥ ደስታዋን አልደበቀችም፤ ወንበሩን ከማዶ በደንብ እንዲታይ አድርጋ ወደ መስታወቱ አስጠጋችው። ሰማያዊው ሳህን ሁለት ቀን ሳይነካ እንደሞላ ዋለ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ተነሳ። ይህንንም አየች፤ አየችና ያሰበችውን ያህል አልጣፈጣትም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ የትምወርቅ በሩን አንኳኳች። ትልቅ ከረጢት የድመት ምግብ ታቅፋለች። ገዝቼው ነበር፣ እኔ ጋ የሚበላው የለምና ለእሱ ይሁን ብላ ዘረጋችላት። ዓይኗ ግን በዓለምጌጥ ትከሻ ላይ አልፎ ወደ ውስጥ ያይ ነበር። ዓለምጌጥ ከረጢቱን ተቀበለች። ቅናቷ በሩን ዝጊ አላት፤ እጇም መዝጊያውን ይዞ ነበር።

"ግቢ" አለቻት በመጨረሻ። "ተኝቷል፤ እንዳትቀሰቅሺው።"

ማን ይቀሰቅሰዋል፣ ራሱ ነቃ። ተንጠራራ፣ ከወንበሩ ወረደ፣ ዓለምጌጥን ዞር ብሎ ሳያይ በእግሯ ሥር አለፈና የየትምወርቅ ጭን ላይ ወጣ። የትምወርቅ አገጩን አከከችለት፤ "ማ..." ብላ ጀመረችና ዓለምጌጥን አይታ "ሻምበል" አለችው። እንባዋ ቅርብ ነበር። ዓለምጌጥ ሻይ ላፍላ ብላ ኩሽና ገባች፤ ውኃው ፈልቶ እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ቆመች።

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ የአፓርታማው ቢሮ ሄደች። ድመት አለኝ፣ ላስመዘግብ ነው አለች። ጸሐፊው ወጣት ፎርም ሰጣት። ቀለሙን፣ ዕድሜውን፣ የተኮላሸ መሆኑን ሞላች። ባለቤት በሚለው መስመር ላይ ሙሉ ስሟን በትልልቅ ፊደል ጻፈች። ከሥሩ፣ ባለቤቱ ሲታመም ወይም ሲታጣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው የሚል መስመር ነበር። ሳሮን ሚኒሶታ ናት፤ ከሚኒሶታ መጥታ ድመት አታበላም። እስክሪብቶው ብዙ ቆየ። ከዚያ የትምወርቅ ብላ ጻፈች፣ ከስልክ ቁጥሯ ጋር።

ጸሐፊው ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ አሳያትና ምንሽ ናት አላት። ዓለምጌጥ አሰበች። ትክክለኛውን ቃል ታውቀዋለች፤ ጣውንቷ ናት። እሱን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት ግን አታውቅም። ስለዚህ፣ እያንገበገባት፣ እህቴ ብላ ጻፈች።